ዘጠኝን ስንጠብቅ

ጥቅምት 6፣ ማክሰኞ

ይህ የትዕዛዝ ደብተር ነው። ከፊት በኩል የሰው ሶፋ ልክ፣ የጨርቅ ቀለም፣ ቀብድ የከፈለና ያልከፈለ ተጽፎበታል። እኔ ከጀርባው ጀመርኩ። የሥራውና የልቤ ጽሑፍ መሀል ላይ እስኪገናኙ ድረስ ብጽፍ ማንንም አልጎዳም።

ልጄ መጣች። የምትመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። ገና በሩን ስታንኳኳ ነገር እንዳለ አወቅኩ። ተከራይታ ሕፃናት የምታውልበት ቤት ሊሸጥ ነው። ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነው፤ «መጀመሪያ ላንቺ፤ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ እጠብቅሻለሁ» ብሏታል። ግማሹን አጠራቅማለች። «ሌላ ሰው ከገዛው ያን ሁሉ ሕፃን ይዤ የት እገባለሁ?» አለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ እያየች፣ «አባዬ፣ የእማዬን የባንክ አክሲዮን ብንሸጠውስ?» አለችኝ።

አስቤበት እነግርሻለሁ አልኳት። ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።

አስቤበት! ምኑን ነው የማስበው? ያለችኝ ልጅ አንድ። ወይስ እርጅና ሰውን ስስታም ያደርጋል?

ጥቅምት 8

የሚስቴ ወንድም መሥሪያዬ ድረስ መጣ። መኪና ያሻሽጣል፤ ስለዚህ የማንኛውንም ነገር ዋጋ ያውቃል። ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይላል። የልጄን ጥያቄ ስነግረው ከሶፋው ላይ ብድግ አለ።

«ጋሼ፣ አብደሃል? አራት ነው እኮ! አራት!»

«ምኑ ነው አራት?»

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። አንዱ አክሲዮን ስምንት መቶ ይሸጣል። ባንኩ ባለፈው ዓመት ለእያንዳንዱ አክሲዮን ሁለት መቶ አትርፏል። ስምንት መቶን ለሁለት መቶ ስታካፍለው አራት። የዋጋና የትርፍ ጥምርታ ይሉታል አለኝ። «የዚህ ባንክ ደህና ቀን ቁጥሩ ዘጠኝ ነው። አራት የሆነው ገበያው ስለተኛ ነው። ሲነቃ ዘጠኝ ይገባል። ዘጠኝ ሲገባ ዋጋው ስንት ይሆናል? በል አስላ!»

አሰላሁ። አንድ ሺህ ስምንት መቶ።

«አየህ? ያኔ ለልጅቷ ቤቱንም ትገዛላታለህ፣ ጣሪያውንም ትቀይርላታለህ። ርካሽ ላይ እያለ ይሸጣል እንዴ?»

እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ አለኝ። ሲሄድ እያፏጨሁ ነበር የምሠራው። ለምን ያን ያህል ቅልል እንዳለኝ እንጃ።

ጥቅምት 11፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማንም አልመጣም፤ ስለዚህ ተቀምጬ ይህን አራት የሚሉትን ነገር አሰብኩት።

የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ማካፈል ግን አልረሳሁም። አንድ አክሲዮን ስምንት መቶ ከፍዬ ብገዛና ባንኩ በየዓመቱ ሁለት መቶ ቢያተርፍልኝ፣ በአራት ዓመት የከፈልኩትን ያህል አተረፈልኝ ማለት ነው። ዘጠኝ ከሆነ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት። እንግዲህ ቁጥሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የመጠበቅ ልክ ነው። ሰው ስንት ዓመት ለመጠበቅ ፈቃደኛ እንደሆነ ይናገራል። ይቺ ሐሳብ ደስ አለችኝ። ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው ግን ዘጠኝ የሚለውን ሲሰማ ትንሽ ይተክዛል።

ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህን ሁሉ ታውቀው ነበር። በክርና በዚፕ ሱቋ ትርፍ ትንሽ በትንሽ ስትገዛ፣ እኔ አንድ ቀን እንኳ ምን እየገዛሽ ነው ብዬ አልጠየቅኳት። የባንኩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ እሷ እጇን አውጥታ ትጠይቃለች፣ እኔ ቦርሳዋን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አንቀላፋለሁ። «ስታንኮራፋ ሊቀመንበሩ ያጨበጨብክለት መስሎት ነበር» ትለኝ ነበር ስንመለስ።

ልጄ ትናንት መጥታ ነበር። ዘጠኝ እስኪገባ ትንሽ እንጠብቅ አልኳት፤ ሁሉንም አስረዳኋት፣ በወረቀት ሠርቼ አሳየኋት። በጥሞና ሰማችኝ። «የቤቱ ባለቤትስ፣ አባዬ? እሱም ዘጠኝን ይጠብቃል?» አለች። ድምፅዋ ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ፈጣሪዬ ሆይ፣ ስስት ከሆነ አሳየኝ።

ጥቅምት 17

ሥራ በዝቷል። የጥርስ ሐኪሙ የመጠበቂያ ክፍል ወንበሮች። ስፖንጅ አልመጣም። «ታካሚዎቼ ከጥርሳቸው ሌላ እግራቸውንም እያመማቸው ነው» ብሎ ደወለ።

ልጄ ምሳ አምጥታ በር ላይ ሰጥታኝ ተመለሰች። ሕፃናቱ እየጠበቋት መሰለኝ። ዛሬ ግን ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ሕፃናት የሉም።

የባንኩ የስብሰባ ጥሪ ካርድ ደረሰ። የሚስቴ ስም በትልቁ ተጽፎበታል። እንደ ሁልጊዜው የመስተዋቱ ጠርዝ ላይ ሰካሁት።

ጥቅምት 22

ወንበሮቹን አደረስኩ። ሐኪሙ አንዱ ላይ ቁጭ፣ ብድግ፣ ቁጭ አለበትና ከፈለኝ። እሱም አክሲዮን እንዳለው ስለማውቅ ስለ አራቱ ጠየቅኩት። አልሳቀብኝም። ግድግዳው ላይ ካለው መብራት ላይ ሁለት የጥርስ ራጅ ሰካ።

«ይህ የዘንድሮ ነው። ብቻውን ሲያዩት ምን ይላሉ?»

«ምንም አልልም፤ ጥርስ ነው።»

«እኔም ብዙ አልልም። ይህ ደግሞ የዚያው ሰው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። አሁን ጎን ለጎን ይዩት።» አጥንቱ ዝቅ ማለቱ ለእኔም ታየኝ። «ያንን ቁጥርም ከራሱ ከድሮው ጋር ያስተያዩት። የአንድ ዓመት አራት ምንም አይነግርዎትም።»

ኮምፒውተሩን ከፍቶ የባንኩን ዓመታት አንድ በአንድ አነበበልኝ፣ እኔም በወንበሮቹ ደረሰኝ ጀርባ ጻፍኩ። ሰው ሁሉ ይሻማ በነበረበት ዓመት ዋጋው ዘጠኝ መቶ ሰማንያ፣ ትርፉ ሰባ፤ አሥራ አራት። ብድር ተበላሽቶበት በታማበት ዓመት ዋጋው አራት መቶ፣ ትርፉ ሃያ፤ ሃያ። በማግሥቱ ዓመት ትርፉ እንደገና ሰባ። ካቻምና ሰባት መቶ ሃያ ለሰማንያ፤ ዘጠኝ። በመጨረሻም ይሄ የኛ አራት።

ስወጣ በሩ ላይ፣ «ደግሞ ቁጥሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይጠይቁ፤ የተነቃነቀው ከላይ ያለው ዋጋው ነው ወይስ ከታች ያለው ትርፉ?» አለኝ።

እሺ አልኩት። አልገባኝም ግን እሺ አልኩት።

ጥቅምት 23

ሃያ! ሚስቴ አብዛኛውን አክሲዮን የገዛችው ባንኩ በታማበት በዚያ ዓመት ነው። አስታውሳለሁ፤ የእኔን ሁለተኛ የስፌት ማሽን የሸጥነው ከዚያ ቀጥሎ በመጣው ዓመት ነው። እኛ አራት ላይ አንሸጥም እያልን፣ እሷ ሃያ ላይ ገዛች?

ጥቅምት 30

ለሚስቴ ወንድም ያንን ደረሰኝ ማሳየቴ ስሕተት ነበር። ከት ብሎ ሳቀ።

«ሃያ? እኅቴ ነፍሷን ይማርና፣ ክር ስትሸጥ በሜትር ትለካ ነበር፤ አክሲዮን ስትገዛ ግን በዓይኗ ነው የገመተችው!»

«አፍህን ሰብስብ» አልኩት። ደነገጠ፤ እኔም ደነገጥኩ። በሠላሳ ምናምን ዓመት እንዲህ ተናግሬው አላውቅም።

«ጋሼ፣ ቀልዴን ነው።»

«በእሷ አትቀልድ።»

ተቃቅፈን ተለያየን፣ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። የተናደድኩት እኔም ያው ሐሳብ መጥቶብኝ ስለነበር ነው።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባንኩ በታማበት በዚያ ዓመት አንድ ቀን ሱቋን ዘግታ ጠፋችብኝ። ፈልጌ ያገኘኋት በባንኩ ቅርንጫፍ አዳራሽ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነው። ተራ የላት፣ ወረቀት የላት። ምን ትሠሪያለሽ ብላት፣ «ሰው አያለሁ» አለችኝ። «ነጋዴው ገንዘቡን እያስገባ ነው ወይስ እያወጣ?» ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር፣ ርቦኝ ነበር፤ ተነሽ እንሂድ አልኳት። ያየችውን አልጠየቅኳትም።

ኅዳር 5

ዛሬ የባንኩ አክሲዮን ክፍል ሄጄ ነበር። ለመጠየቅ ብቻ። እዚያ የምትሠራው ልጅ ትሑት ናት።

«አባባ፣ የውርስ ወረቀቱ ከተሟላ ቆይቷል። ልጅዎም ፈርማለች። የሚቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። የእሳቸው ስም ይወጣና የእርስዎ ይገባል፤ ከዚያ መሸጥ ይችላሉ።»

አመስግኛት ወጣሁ። ሰው በዝቶ ነበር። ደግሞም መነጽሬን አልያዝኩም። ደግሞም ቁጥሩ ገና አራት ነው፣ ምን ያስቸኩላል?

መነጽሬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቤት ስገባ አገኘሁት።

ኅዳር 9፣ እሑድ

ልጄ ዘንድ ሄድኩ። የሕፃናቱን የመተኛ ፍራሾች ልብስ እየቀየርኩላት ነው። ቤቱ እሑድ ጭር ይላል፤ ትናንሽ ጫማዎች በር ላይ ተደርድረዋል፣ አንዳንዱ ግራና ቀኙ ተምታቶ። ግድግዳው ላይ የየልጁ ቁመት በእርሳስ ተሰምሯል። ሌላ ሰው ቢገዛው መጀመሪያ የሚያደርገው ቀለም መቀባት ነው።

ጓዳ ሆኜ ስሰፋ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ከማን ጋር እንደሆነ አላውቅም፤ ጓደኛዋ መሰለችኝ።

«አልጫነውም... አይ፣ ቁጥሩ አይደለም። አይ፣ ገንዘብም አይደለም። ተዪው፣ በራሱ ጊዜ።»

ቁጥሩ ካልሆነ፣ ገንዘቡም ካልሆነ፣ ታዲያ ምንድን ነው? መጠየቅ አፈርኩ፤ የሰው ስልክ እንዳዳመጥኩ ይታወቅብኛል። መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ከወጋኝ ዘመን አልፎታል።

ስወጣ፣ «ባለቤቱ ሌላ ገዢ ይዞ መጥቶ አሳየው» አለችኝ። «ጫማቸውን ሳያወልቁ ነው የገቡት።»

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

ስብሰባ። ካርዱን ከመስተዋቱ ላይ አንስቼ ሄድኩ። መግቢያው ላይ «ተወካይ» ብዬ ፈረምኩ፤ ባጅ ሰጡኝ፤ ስሟን ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ ገባሁ። እሷ ካረፈች ወዲህ ሦስተኛዬ ነው። አንድ የማላውቀው ሰው ባጁን አንብቦ ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠ። እኔ አልከፋኝም። በዓመት አንድ ቀን ነው።

ዛሬ አልተኛሁም።

ሊቀመንበሩ የዘንድሮውን ትርፍ አነበበ፤ ለአንድ አክሲዮን ዘጠና። አዳራሹ ተንጫጫ። ሁለት መቶ የነበረው እንዴት ዘጠና ይሆናል? ሊቀመንበሩ ውኃ ጠጣና፣ ባንኩ እንዳልተጎዳ፣ ያለፈው ዓመት ትርፍ ያን ያህል የሆነው የድሮው ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ ስለተሸጠ እንደነበር፣ አምናም በዚሁ መድረክ መነገሩን አስረዳ።

አንዲት ወፍራም ሴትዮ ከኋላ ተነሡ። «ታዲያ ዘንድሮም ብትሸጡልን ምን ነበረበት?»

«እናቴ፣ ሕንፃው አንድ ነው።»

«እሱማ ገባኝ። አንድ ሕንፃ ስንት ጊዜ እንደሚሸጥ ያልገባቸው ስላሉ ነው የጠየቅኩት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሚስቴ ወንድም ከፊቴ ሁለት ረድፍ አልፎ ተቀምጦ ነበር። አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም። ደረሰኙን አውጥቼ ጀርባው ላይ አካፈልኩ። ስምንት መቶ ለዘጠና።

ዘጠኝ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ኅዳር 16፣ እሑድ

ዘጠኝን በፊት በር ቁጭ ብለን ስንጠብቀው በጓሮ ገባ። ዋጋው እንዳለ ነው፣ ስምንት መቶ። የሞላም የጎደለም የለም። ቁጥሩ ግን ከአራት ተነሥቶ ዘጠኝ ገባ፣ ልክ የሚስቴ ወንድም እንዳለው። የተነቃነቀው ከታች ያለው ነው።

አምናም ሊቀመንበሩ ተናግሮታል አሉ። እኔ ተኝቼ ነበር።

ሌላው ቢቀር ይህ ለእኔ ሊጠፋኝ አይገባም ነበር። ሁለተኛውን የስፌት ማሽን በሸጥንበት ዓመት የደብተሩን ገቢ ደምሬ፣ «ዘንድሮ አበዛሁት፣ እንደዚህ ዓመት ሠርቼ አላውቅም» ብዬ እየተንጎራደድኩ ነገርኳት። ድስቱን እያማሰለች ዞር ሳትል፣ «የሠራኸው አይደለም፣ ማሽኑን ነው የበላነው» አለችኝ። ተቀየምኳት። በማግሥቱ ዓመት ገቢዬ ወደ ልኩ ሲመለስ እኔ አልሰነፍኩም ነበር፤ ማሽኑ ነው ያለቀው። ያን ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ ሥራዬን በዚያ ዓመት ገቢ ለክቶ፣ «ይሄ ሰው ርካሽ ነው» ቢል እስቅበት ነበር። እኔ ደግሞ ባንኩን እንዲያ ለካሁት።

ከዚያ ሃያውን አየሁት፤ ዓይኔ ተከፈተ ማለት ይቀለኛል። ያ ሃያ ውድ ስለነበረ ሃያ አልሆነም። ዋጋውማ አራት መቶ ወርዶ ነበር። ትርፉ ደግሞ ለአንድ ዓመት ወድቆ ሃያ ስለገባ ነው ቁጥሩ ያበጠው። በቀጣዩ ዓመት ትርፉ ሰባ ሆነ። እሷ የከፈለችውን አራት መቶ ለሰባ ሳካፍለው ስድስት አይሞላም። ሰው ሁሉ ሃያውን አይቶ ሲሸሽ፣ ወይም ወሬውን ሰምቶ ሲሸሽ፣ እሷ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነጋዴው ገንዘቡን ይዞ ሲገባ አየች። ትርፉ እንደሚመለስ ገመተች። ልትሳሳትም ትችል ነበር፤ ብትሳሳትም ግን ዓይኗን አሠርታበታለች።

በዓይኗ ገመተች ብሎ የሳቀው ወንድሟ ሳያውቀው እውነቱን ተናገረ።

አሁን እንግዲህ ቁጥሩ ዘጠኝ ነው። ርካሽም አይደለም፣ ውድም አይደለም። እንደ ባንኩ እንደ ራሱ ነው። ሽጥም አይለኝም፣ አትሽጥም አይለኝም። ልጄ «ቁጥሩ አይደለም» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ አሰብኩት። ፈጣሪዬን ስስት ከሆነ አሳየኝ ስለው ነበር የከረምኩት። ያሳየኝ ሌላ ነገር ነው። አሁን አልጽፈውም።

ባጁን ሳልመልስ ይዤው መጥቻለሁ።

ኅዳር 20

ሰባት መቶ ስልሳ። ከስብሰባው ወዲህ እየወረደ ነው። ባለፈው ወር ሸጬ ቢሆን ኖሮ...

የሚስቴ ወንድም ደወለ። አራት ላይ ነው ብሎ እሱ ራሱ ተጨማሪ ገዝቶ ኖሯል። ለእኔ አልነገረኝም ነበር።

«ጋሼ፣ ሳትሰድበኝ ስማኝ።»

«አልሰድብህም።»

«ሽጥላት። ለልጅቷ ሽጥላት። እኔ ግን እጠብቃለሁ፤ ባንኩ ደህና ነው።»

«ስንት እስኪገባ?»

ሳቀ። «ከእንግዲህ ቁጥር አልጠራም።»

ኅዳር 24፣ ሰኞ

ፈረምኩ።

መነጽሬን አድርጌ ሄድኩ። ያቺው የአክሲዮን ክፍል ልጅ ወረቀቱን አዞረችልኝ። «እዚህ ጋ፣ አባባ፣ የሟች ሙሉ ስም። እዚህ ጋ ደግሞ የወራሽ።»

ስሟን ቀስ ብዬ፣ ፊደሉን አሳምሬ ጻፍኩት። ጋብቻችን ሲጻፍ እንኳ እንዲያ አላሳመርኩትም። ልጅቷ አየችና፣ «ጽሑፍዎ እንዴት ያምራል!» አለችኝ። አመሰገንኳት። ከዚያ የእኔን ስም ከሥሩ ስጽፍ እጄ እንደ ልማዱ ሞነጫጨረ።

ስወጣ አዳራሹ ውስጥ አግዳሚው ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። ሰው አየሁ። አንድ ሥጋ ሻጭ በላስቲክ የታሰረ ገንዘብ ይዞ ገባ። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ተራ ያዘች። የሚያስገባው ከሚያወጣው ይበዛ ነበር መሰለኝ፣ ዓይኔ እምብዛም አላየልኝም።

ታኅሣሥ 13፣ ቅዳሜ

ቤቱ የልጄ ሆነ። ለጣሪያው አልተረፈም። ዝናቡ እስኪመጣ ጊዜ አለ።

አሥር አክሲዮን ሳልሸጥ አስቀርቼ በልጄ ስም አዛውሬያለሁ። ይህን አልነገርኳትም ነበር፤ ዛሬ ምሳ ላይ ነገርኳት። ዛሬ በር ላይ አልተመለሰችም፣ ሻይዋንም ጨረሰች።

«በስልክ ስታወሪ፣ ቁጥሩ አይደለም ስትዪ ሰምቼሻለሁ» አልኳት።

ፊቷ ቀላ። «ምን ነበር ታዲያ፣ አባዬ?»

ባጁን ከመስተዋቱ ጠርዝ ላይ አንስቼ ሰጠኋት። የእናቷን ስም በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ ሌላ አልጠየቀችኝም። ቆይታ፣ ሳቅ እያመለጣት፣ «ይሄንን አንጠልጥለህ ነው የገባኸው? በእማዬ ስም?» አለች።

«ሦስት ዓመት።»

«ማንም ምንም አላለህም?»

«ዘበኛው ብቻ። ‹እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ› አለኝ።»

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሳቅ ብቻ አልነበረም፣ እኔም ጋ።

«የሚመጣው ዓመት ባጁ ላይ የአንቺ ስም ነው የሚኖረው» አልኳት።

«እኔ ስለ ባንክ ምን አውቄ ነው የምሰበሰበው?»

«እጅሽን አውጪና ጠይቂ። የተነቃነቀው ከላይ ያለው ነው ከታች ያለው በያቸው።»

«አንተስ?»

«እኔ ቦርሳሽን እይዛለሁ» አልኳት። «ያኔ ግን አልተኛም።»